ልጅን የእጅ ሥራ ስለ ማስተማርና ሥዕል ስለሚጨምረው መነጽር

አንዲት የተከበሩ እመቤት በዚህ ገጽ ምክር እንድንሰጣቸው በደብዳቤ ጠይቀውናል። ወንድ ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛውን ክፍል ከፈጸመ በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የብረት ሥራ፥ ይልቁንም ብየዳ ለመማር ቈርጦ ተነሥቷል። እናቲቱን ሁለት ነገር ያሳስባቸዋል። አንደኛው የልጁ ዓይን ነው፤ በየመንገዱ ዳር የፀሓይ መነጽር ብቻ አድርገው፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ መነጽር ፊታቸውን መለስ አድርገው ሲበይዱ የሚታዩትን ወጣቶች እያሰቡ እንቅልፍ አጥተዋል። ሁለተኛውን በግልጽ አልጻፉትም፤ ነገር ግን «የአባቱ ወገኖች ምን ይላሉ» ብለው በደብዳቤው ግርጌ የጨመሩት ቃል ነገሩን ገልጦታል። በዚህ መካከል ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዘመዳቸው፥ «አሁን ብየዳ የሚማሩት በእሳት ሳይሆን የእሳትን መልክ በሚያሳይ መነጽር ነው፤ ዓይንም አይጐዳ፥ እጅም አይቈሽሽ» ብሎ አጽናናቸው። ይህ እውነት ከሆነ ልፍቀድለት ወይ? ሲሉ ይጠይቁናል።

ዘመድየው የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። እኛም መልሳችንን በአንድ ቃል «ይፍቀዱለት» ብለን መጨረስ በቻልን ነበር፤ ዳሩ ግን እመቤቲቱ የሚፈቅዱት እሳቱ ቀርቷል በማለት ከሆነ፥ ልጁ የመጀመሪያውን ቃጠሎ በእጁ ላይ ይዞ ወደ ቤት በገባ ማግሥት ፈቃዳቸውን መልሰው ይነሡታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ልንገልጥ ተገደድን።

ይህ ብልኃት በውጭ አገር ቋንቋ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል። በእኛ ቋንቋ አንዳንዶች «የተጨመረ እውነታ» ሲሉት እንሰማለን፤ እኛ ግን እውነት የሚጨመርበት ነገር አይደለምና ስሙን እምብዛም አልወደድነውም። የሚጨመረው ሥዕል ነው። ሰውየው በእጁ የያዘውን ዕቃና የቆመበትን ክፍል እንደ ወትሮው እያየ ሳለ፥ ኮምፒዩተር የሠራው ሥዕል በዚያው በሚያየው ነገር ላይ ተደርቦ ይታየዋል። ራሱን ቢያዞር ወይም ጐንበስ ቢል ሥዕሉ በዕቃው ላይ እንደ ተሳለ ሁሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ዓይንን ጨርሶ ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳየው ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለው መሣሪያ ከዚህ ይለያል፤ በዚያኛው ሰው የገዛ እጁን እንኳ አያይም። ሁለቱ ወንድማማች ስለ ሆኑ ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል።

የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ የሠራው ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር 1968 ዓ.ም. ነበር። መሣሪያው ከመክበዱ የተነሣ ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር በሰው ራስ ላይ የሚደረገው፤ ስለዚህም በጥንታውያን ግሪኮች ተረት በአንድ ጠጕር ብቻ ታስሮ በንጉሡ ባለሟል ራስ ላይ በተንጠለጠለው ሰይፍ ስም ይጠሩት ነበር። እኛን ይልቅ የሚያስደንቀን ስሙ የተወለደበት ስፍራ ነው። ቦይንግ የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞች እልፍ አእላፍ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን በትልልቅ የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየዘረጉ በነዶ በነዶ ያስሩ ነበር። የእያንዳንዱን ሽቦ መንገድ ለማወቅ ከወረቀት ወደ ሰሌዳ፥ ከሰሌዳ ወደ ወረቀት ዓይናቸውን ማመላለስ ነበረባቸው። ቶም ኮዴልና ዴቪድ ሚዜል የተባሉት የኩባንያው ሊቃውንት የሽቦው መንገድ በመነጽር ውስጥ በሰሌዳው ላይ ተሥሎ ቢታይ ሠራተኛው ዓይኑን ከሥራው ባላነሣ ነበር ብለው አሰቡ፤ ለዚህም አሳብ ኮዴል በ1990 ዓ.ም. ይህን ስም አወጣለት። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ብዙ ሰው መነጽሩን ከጨዋታ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ የስሙ አባቶች ግን ያሰቡት ስለ ሽቦ አሳሪው እጅና ዓይን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ድኻውም ወረደ። በ1999 ዓ.ም. ሂሮካዙ ካቶ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ፥ ካሜራ በወረቀት ላይ የታተመን ጥቁር አራት ማዕዘን ዐይቶ ሥዕሉን በትክክል በዚያ ላይ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን የኮምፒዩተር መመሪያ ሠርቶ ማንም እንዲጠቀምበት አደረገ። ዛሬ ጥሩ የእጅ ስልክ ያለው ተማሪ ስልኩን በታተመ ወረቀት ላይ ቢያነጣጥር የመኪና ሞተር ተከፍቶ፥ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፥ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሊያይ ይችላል። ይህ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ለመረዳትም ይረዳል። ነገር ግን ሞተርን መረዳት ሞተርን መፍታት አይደለምና በዚህ ላይ ብዙ አንቈይም። የእመቤቲቱ ጥያቄ ብየዳ ስለ ሆነ፥ ብልኃቱም ከሁሉ ይልቅ ዋጋው የታየው በብየዳ ትምህርት ስለ ሆነ ወደዚያ እንመለስ።

አንባቢዎቻችን ይህን ጋዜጣ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጠው ወደ ግቢያቸው የብረት በር ይውጡና ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበትን መስመር ይመልከቱ። ጥሩ ባለ ሙያ የበየደው ከሆነ መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ፥ ስፋቱም ከፍታውም ሳይለዋወጥ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። መጥፎ ሰው የበየደው ከሆነ አንዱ ላይ ተከምሮ፥ ሌላው ላይ ተበሥቶ፥ በዙሪያውም የብረት ነጠብጣብ እንደ ፈንጣጣ ተረጭቶ ይታያል። (እኛ በራሳችን በር ላይ ይህን ምርመራ አድርገን አፍረናል፤ በሩን ቀለም ስለ ሸፈነው ይህን ያህል ዓመት ሳናውቀው ኖረናል።) ለአጥር በር ነውሩ ትንሽ ነው። ድልድይ፥ የውሃ ጋን፥ የከባድ መኪና ተጐታች፥ የትምህርት ቤት ጣራ ተሸካሚ ብረት ሲሆን ግን ያ የተበሣ መስመር የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው።

ይህን መስመር አስተካክሎ መሥራት ለምን ይከብዳል? ተማሪው በአንድ ጊዜ አራት ነገሮችን በእጁ መጠበቅ አለበት። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ከብረቱ የሚርቀው በኤሌክትሮዱ ውፍረት ያህል ብቻ፥ ይኸውም ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢቀርብ ይጣበቃል፥ ቢርቅ እሳቱ ይበተናል። ኤሌክትሮዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት አለበት። የሚሄድበት ፍጥነት እንደ ሰዓት ቈጣሪ እኩል መሆን አለበት። በዚያውም ላይ ኤሌክትሮዱ እየነደደ ስለሚያጥር፥ እጅ ወደ ፊት ሲሄድ ሳያቋርጥ ወደ ታችም መውረድ አለበት። ይህ ሁሉ የሚደረገው ፊትን በጥቁር መከለያ ሸፍኖ፥ በጨለማ ውስጥ አንዲት የምታበራ ነጥብ ብቻ እያዩ ነው።

የመምህሩም ችግር ከተማሪው አያንስም። እርሱ እየበየደ ሲያሳይ ተማሪዎቹ መከለያቸውን አድርገው ዙሪያውን ይቆማሉ፤ «የቀለጠውን ብረት ተመልከቱ እንጂ ብርሃኑን አትመልከቱ» ይላቸዋል፤ እነርሱ ግን የትኛው የቀለጠ ብረት፥ የትኛው ብርሃን እንደ ሆነ ገና አይለዩም። ተማሪው በተራው ሲበይድ ደግሞ መምህሩ በትከሻው ላይ ዘንበል ብሎ ያያል፤ ልጁ የሚያየውን ግን ከልጁ ዓይን ሆኖ ሊያይ አይችልም። እሳቱ ጠፍቶ፥ በመስመሩ ላይ የረጋው ቅርፊት በመዶሻ ተነሥቶ ስሕተቱ እስኪታይ ድረስ፥ እጁ የተሳሳተበት ጊዜ አልፏል፤ ልጁም መቼና እንዴት እንደ ተሳሳተ አያስታውስም። ይህ በእንዲህ ሳለ ብረቱ ተበላሽቷል፥ ኤሌክትሮዱ አልቋል፥ የመብራቱም ሂሳብ ይቈጥራል። መንግሥት የመደበው ብረት ውስን በሆነበት ትምህርት ቤት፥ ሠላሳ ተማሪዎች በሁለት የብየዳ መኪና ላይ ተራ ሲጠብቁ አንዱ ልጅ በሳምንት ስንት ደቂቃ እሳት እንደሚያገኝ ማንም ሊያሰላው ይችላል።

እንግዲህ መነጽሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኤስፓኝ አገር በሁኤልባ ከተማ የሚገኘው ሲበሪ የተባለው ኩባንያ ሶልዳማቲክ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው የሚያደርገው የፊት መከለያ መልኩ እንደ እውነተኛው የብየዳ መከለያ ነው፤ በውስጡ ግን በጥቁሩ መስተዋት ፈንታ ካሜራና ትንንሽ የሥዕል መስኮቶች አሉበት። በእጁ የሚይዘው መያዣም ቅርጹ እንደ እውነተኛው ነው። በፊቱ የሚቀመጠው ቍራጭ ዕቃ ካሜራው የሚያውቃቸው ምልክቶች ታትመውበታል። ልጁ መያዣውን ወደ ዕቃው ሲያቀርብ ካሜራው የሁለቱን ርቀትና ዘንባላ ያለ ማቋረጥ እየለካ፥ ብልጭታውን፥ የቀለጠውን ብረትና ወደ ኋላ እየረጋ የሚሄደውን መስመር በዚያው ዕቃ ላይ ይሥላል። እጁ ቢንቀጠቀጥ መስመሩ ይጣመማል፤ ቢዘገይ ይከመራል፤ ቢፈጥን ይሣሣል። እሳት ግን የለም፤ ጢስም የለም።

መምህሩ ደግሞ ልጁ የሚያየውን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ያያል። ብየዳው ሲያልቅ ርቀቱ፥ ዘንባላውና ፍጥነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመስመር ተሥለው ይቀርባሉ፤ «እዚህ ላይ ስትደርስ እጅህ ከፍ አለ፥ ክርንህን በጠረጴዛው ላይ አላሳረፍህም ነበር» ብሎ ሊያሳየው ይችላል። እኛ እንደምናስበው የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ብረት መቈጠቡ ጥሩ ነው፤ ዓይን መጠበቁም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መምህሩና ተማሪው በአንድ ዓይን አንድ ነገር ማየታቸው ቀድሞ ጨርሶ ያልነበረ ነገር ነው። ደግሞም ዓይነ አፋር የሆነ፥ ወይም እሳት የሚፈራ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሳይሣቅበት መቶ ጊዜ ተሳስቶ መቶ ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ይህን ስንጽፍ ሴቶች ልጆችን ጭምር እናስባለን፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የመርከብ መሥሪያ ቦታዎች እጅግ ብዙ ሴቶች በብየዳ ሥራ ላይ ተሰማርተው እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የረጋ እጅ ነው እንጂ የወፈረ ክንድ አይደለም።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ እንመጣለን። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የብየዳው ብልጭታ ግን እስከ 5,000 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። መነጽሩ ይህን ትኵሳት አያሳይም። ጓንቱ ሲግል እጅ ሳይወድ እንዴት እንደሚሸሽ፥ ብናኙ በጫማ አፍ ሲገባ ባለ ሙያው እንዴት ሥራውን ሳያቋርጥ እንደሚታገሥ፥ ዝገትና ዘይት ያለበት ብረት እንዴት እንደሚያጕረመርም፥ ቀጭን ላሜራ እንዴት ሳይታሰብ እንደሚበሣ፥ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ሲቀዘቅዝ ተኰማትሮ የተስተካከለውን ማዕዘን እንዴት እንደሚያጣምም፥ ይህን ሁሉ የሚያስተምረው እውነተኛው እሳት ብቻ ነው። በድምፁ ብቻ እሳቱ ትክክል እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚያውቁ ባለ ሙያዎች አሉ፤ ይህም ጆሮ ከእውነተኛው ሥራ በቀር ከየትም አይገኝም።

ይህን በግምት ብቻ እንዳንናገር የሚረዳን ምርመራ አለ። በአሜሪካ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቶንና ባልደረቦቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ብየዳ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በእውነተኛ እሳት ብቻ፥ ሌላውን ወገን ግማሹን ጊዜ በመኪናው ግማሹን በእሳት አስተማሩ። መኪናው ከወንድማማቾቹ መካከል ዓይንን የሚሸፍነው ዓይነት ነበር፤ ለእኛ ነገር ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም። በፈተናው የተሻለ ውጤት ያገኙት ሁለቱን አቀላቅለው የተማሩት ነበሩ፤ ወጪውም አነሰ። እዚያው የነበሩት ሊቃውንት በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ እሳቱን ጨርሶ ትተን በመኪናው ብቻ ብናስተምርስ? አሉ። ለቀላሉና ለመካከለኛው ብየዳ በመኪና ብቻ የተማሩት ከሌሎቹ አላነሱም፤ ከሁሉ በከበደው የብየዳ ዓይነት ላይ ግን እሳት የቀመሱት በለጧቸው። ምርመራው በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ስለ ሆነ ሕግ አድርገን አንወስደውም። ቢሆንም እኛ ከጠየቅናቸው አሮጌ ባለ ሙያዎች አስተያየት ጋር አንድ ሆኖ አግኝተነዋል፤ እነርሱ ያሉንም ልጁ በመነጽሩ ተለማምዶ ቢመጣ ደስ ይለናል፥ ተለማምዶ ጨርሷል ብሎ ቢመጣ ግን እንመልሰዋለን ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ለትምህርት ቤት ዕቃ በሚገዛባቸው መሥሪያ ቤቶች ሥልጣን ያላቸው ስላሉ፥ ለእነርሱ ደግሞ አንድ ቃል ጣልቃ እናስገባለን። ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሆሎሌንስ የሚባለውን መነጽር በ2016 ዓ.ም. አወጣ፤ ሁለተኛውንም በ2019 ዓ.ም. በ3,500 ዶላር ዋጋ ለገበያ አቀረበ። በዓለም ላይ ብዙ ተቋማት ትምህርታቸውን በዚሁ መነጽር ላይ መሠረቱ። በ2024 ዓ.ም. ግን ኩባንያው መነጽሩን መሥራቱን አቆመ። ጎግል የተባለውም ለሠራተኞች ያዘጋጀውን መነጽር መሸጡን በ2023 ዓ.ም. ትቷል። መዶሻና ሞረድ የገዛ ትምህርት ቤት የፋብሪካው ባለቤት አሳቡን ቢለውጥ አይጐዳም፤ መነጽር የገዛ ግን መለዋወጫውም መመሪያውም በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ገዢ የሚሆን ሰው ከዋጋው በፊት መሣሪያው ሲበላሽ በአገር ውስጥ ማን እንደሚጠግነው፥ መምህራኑን ማን እንደሚያሠለጥንና በስንት ቀን እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል። አለዚያ መነጽሩ እንግዳ በመጣ ቍጥር ከመሳቢያ እየወጣ የሚታይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ስፍራ እንዲህ ሆኖ በዓይናችን አይተናል፤ ስፍራውን አንጠራም። መብራት ሲጠፋ ብየዳውም መነጽሩም አብረው እንደሚቆሙ መናገር ግን የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እመቤቲቱ በደብዳቤያቸው ግርጌ ወደ ጻፉት ቃል ለመመለስ ጥቂት አመንትተን ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። ብረት የሚሠራውን ሰው መናቅ፥ ይባስ ብሎም በክፉ ዓይን መጠርጠር በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ገበሬውን በሥራው ስም የሚሰድበውን ሰው ነቅፈው ከለከሉ። ከጠላት ወረራ በኋላ ወዲያው፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ያስተምራል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬ ልጃችን መሐንዲስ እሆናለሁ ሲል በዘመድ ፊት ደረታችንን እንነፋለን፥ በያጅ እሆናለሁ ሲል ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ለጊዜው ነው» እንላለን።

እዚህ ላይ መነጽሩ ሳናስበው ሌላ ጉዳይ ይፈጽምልናል ብለን እንፈራለን። ንጹሕ ክፍል፥ ነጭ ግድግዳ፥ ኮምፒዩተር፥ በራሱ ላይ የሚያምር መሣሪያ ያደረገ ልጅ ስናይ ደስ የሚለን ሥራው ስለ ከበረ ነው ወይስ ሥራው የማይታይ ስለ ሆነ? ዘመድየው «እጅም አይቈሽሽ» ሲል እመቤቲቱን ያጽናናቸው ቃል ይህ ነው፤ እኛም ደብዳቤውን መጀመሪያ ስናነብ እውነቱን ለመናገር ቃሉ ደስ ብሎን ነበር። የልጁ እጅ ግን ይቈሽሻል። ጥፍሩ ሥር ጥቍረት ይገባል፤ በክንዱ ላይ ትንንሽ የእሳት ነጠብጣብ ምልክቶች ይኖራሉ፤ የሥራ ልብሱም ከሌላው ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብም። የአባቱ ወገኖች በበዓል ቀን ሲመጡ ይህን ያያሉ። እመቤቲቱ ያን ጊዜ ልጃቸውን «ሂድ እጅህን ደብቅ» የሚሉት ከሆነ አሁን አይፍቀዱለት፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

የሚፈቅዱለት ከሆነ ግን፥ እኛም ይህን እንመክራለን፥ ትምህርት ቤቱን ከማስመዝገባቸው በፊት ራሳቸው ሄደው ይዩት። መነጽር አላችሁ ወይ? ብለው አይጠይቁ፤ ቢኖርም መልካም፥ ባይኖርም ያለ መነጽር የወጡ ብዙ ታላላቅ ባለ ሙያዎች አሉ። ይልቅስ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት በእውነተኛው እሳት ፊት እንደሚቆም፥ መከለያና ጓንት ለእያንዳንዱ እንዳለ ወይም በተራ እንደሚዋዋሱት፥ ጢሱ የሚወጣበት መስኮት ወይም ማራገቢያ መኖሩን ይጠይቁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የበየዱትን ብረት እንዲያሳዩዋቸው ይለምኑ። ጥሩ መምህር ብየዳውን በመጋዝ ቈርጦ ወይም በጕልበት አጥፎ ውስጡን ያሳያል፤ ላዩ ያማረ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ ብዙ አለና። ተማሪው የተሰነጠቀበትን ብረት ደብቆ ያማረውን ብቻ የሚያሳይ ትምህርት ቤት ካጋጠማቸው ወደ ሌላው ይሂዱ።

ስለ ዓይን የጠየቁት በእርግጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የብየዳ ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ጋር በዓይን የማይታይ ጨረር ስላለበት የዓይንን የፊት ሽፋን እንደ ፀሓይ ቃጠሎ ያቃጥለዋል። ክፋቱ በዚያው ሰዓት አለመሰማቱ ነው፤ ልጁ በደኅና እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሆኖ፥ ዕንባው እየፈሰሰ፥ መብራት ማየት አቅቶት ይነሣል። የሚይዘው በያጁን ብቻ አይደለም፤ በአጠገቡ ቆሞ የሚያየውንና ብረቱን ደግፎ የሚይዝለትን ረዳትም ይይዛል። የፀሓይ መነጽር ይህን አይከለክልም፤ ለብየዳ የተሠራው መከለያ ግን ይከለክላል። ልጁ መከለያውን ለአንድ አፍታ ብቻ፥ ኤሌክትሮዱን ለማስነካት ያህል እንኳ፥ ከፍ እንዳያደርግ ከአሁኑ ይለምድ ዘንድ ያስፈልጋል፤ በመነጽሩ የተማረ ልጅ በተለይ፥ ሥዕል ዓይን አያቃጥልምና፥ ይህን ልማድ ሳይዝ ወደ እሳቱ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሌሊት ቢያጋጥም እናቲቱ ድንች ልጠው በዓይኑ ላይ አያስሩ፤ ወተትም አይጨምሩበት። ዓይኑን እንዳያሸው ይከልክሉት፥ መብራቱን ያጥፉለት፥ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነክረው በተዘጋው ሽፋሽፍት ላይ ያድርጉለት፤ ሲነጋም ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የማደንዘዣ ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ደጋግሞ መጨመር ዓይኑን ይበልጥ ስለሚጐዳ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደረግም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። ልጁ ወደ ሥራው የሚመለሰውም ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ ከፈቀደለት በኋላ ነው።